የፈንታሁን ዓይን ጉልበቴን አልነካም

አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ይህን ነገር ለማንም አልተናገርኩም። ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ሲገባ ፊታቸው ተንበርክኬ፣ ተቆጥቻለሁ፣ ሰው አምቻለሁ፣ ጾም ገድፌአለሁ እያልኩ ትንንሾቹን ኃጢአቶቼን ስደረድር ይቺን አንዷን ዘልያት እነሣ ነበር። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ብርድ ሲገባ ጉልበቴን በቅባት እያሸችልኝ ጉልበቴን አበላሸ የምትለውን ሰው ስትረግመው ዝም ብዬ አዳምጣት ነበር። አሁን የምናገረው ኅሊናዬ ስለነቃ አይደለም። ኅሊናዬ ተኝቶ አያውቅም፤ አፉን ይዤው የኖርኩት እኔ ነኝ። የምናገረው አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በእኔ ውሸት ምክንያት ከኳስ ልትባረር ስለደረሰች ነው።

ስለዚህ እንደ ነፍስ አባት ስሙኝ። ነገር ግን ስጨርስ እግዜር ይፍታህ አትበሉኝ።

አንዷለም እባላለሁ። የቁስቋም ልጅ ነኝ። ኳስ ተጫዋች ነበርኩ። ስሜን የሚያውቅ ሰው ካለ ጎንደር ውስጥ ነው፤ እሱም በኳሴ ሳይሆን በጉዳቴ ነው የሚያውቀኝ። በታችኛው ሊግ በሚጫወት ቡድን ውስጥ ስምንት የውድድር ዘመን አማካይ ነበርኩ። አንዱንም ጀምሬ አልጨረስኩም። ቁርጭምጭሚቴ ዞሮ ያውቃል፣ የታፋዬ ጡንቻ ሦስት ጊዜ ተበጥሷል፣ ክንዴ አንድ ጊዜ ተሰብሯል። ጉልበቴማ ተቆጥሮ አያልቅም። ደጋፊው "ብርጭቆው" ይለኝ ነበር። ከተጠባባቂ ወንበር ተነሥቼ ሰውነቴን ማሟሟቅ ስጀምር ከጀርባዬ "ኧረ ቀስ በሉት፣ እንዳይሰበር!" የሚል አይጠፋም። እኔም አብሬ እስቅ ነበር፤ ምን ላድርግ?

ጉልበቴ የተበላሸው ግን ጎንደር ሜዳ ላይ አይደለም። መካነ ብርሃን ነው። የእናቴ አገር ነው፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ አጎቴን ልጠይቅ ሄጄ ከአገሩ ልጆች ጋር ኳስ ስጫወት ነው። ሜዳው ተዳፋት ነው። ኳሷ ቁልቁል እንዳታመልጥ ብዬ ስወረወር ቀኝ እግሬ በሁለት ድንጋይ መሐል ቀረ። እኔ ዞርኩ፤ እግሬ አልዞረም። የደረቀ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ሦስት ሳምንት አጎቴ ቤት ተኛሁ። እናቴ ኳስ እንደምትጠላ ስለማውቅ እንዳይነግርብኝ ለመንኩት፤ አልነገረብኝም። ብዙም ሳይቆይ እሱም ሞተ። በዓመቱ ቡድኑ ሊያስፈርመኝ ሲል አሰልጣኙ፣ "የቆየ ጉዳት አለብህ?" ብሎ ጠየቀኝ። የለብኝም አልኩ። ካለብህና ከደበቅህ ግን በተገኘብህ ዕለት ትሰናበታለህ አለኝ። እሺ አልኩ።

የመጀመሪያዋ ውሸት ይቺ ናት። ትንሽ ናት፤ ተጫዋች ሁሉ ይዋሻታል። ሁለተኛዋን የወለደችው ግን እሷ ናት፤ ሁለተኛዋ ትንሽ አይደለችም።

ፈንታሁን የቡድናችን ሌላው አማካይ ነበር። ከእኔ ይሻል ነበር። ይህን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ አሥራ ሰባት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ እነሆ ጻፍኩት። ኳስ እግሩ ሥር ስትገባ የምታርፍ ይመስላል። እኔ ሦስት ጊዜ ነክቼ የማሳልፋትን እሱ በአንድ ንክኪ ያሳልፋታል። ደግሞ አይጎዳም ነበር። አራት ዓመት አብረን ስንጫወት በጉዳት ምክንያት አንድ ቀን እንኳን ከልምምድ ቀርቶ አያውቅም። እኔ እያነከስኩ ስወጣ ቦርሳዬን ይሸከምልኝ ነበር። ከሜዳ እስከ ቁስቋም ዳገት ድረስ የእሱን ቦርሳ በአንድ ትከሻ፣ የእኔን በሌላው አንግቶ እየቀለደብኝ ይሸኘኛል። እናቴ ቤት ገብቶ በልቷል፣ ጠጥቷል።

የፈንታሁን አያት ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ማረሻና ማጭድ ይሠሩ ነበር። እናቱ ሸክላ ትሠራለች። የእናቱ ወገኖች ቤተ እስራኤል ናቸው፤ እነሱ ወደ እስራኤል ሲሄዱ አባቱ ክርስቲያን ስለሆነ የእሱ ቤተሰብ እዚሁ ቀረ። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጥንና ሸክላ የሚሠራን ሰው ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ሰው ይበላል የሚል ክፉ ወሬ አለ። ያማረን ነገር አይቶ "እግዜር ይጠብቀው" ካላለ ያ ነገር ይበላሻል ይባላል። ማረሻቸውን ገዝተን እርሻ አርሰናል፣ በሸክላቸው ወጥ ሠርተን በልተናል፤ በጎን ደግሞ ይህን ስናወራ ኖረናል። በእኛ ቡድን ውስጥ ግን ስለ ፈንታሁን እንዲህ ያለ ነገር ያነሣ ሰው አልነበረም። ማንም አላሰበውም። ይህን ልብ በሉልኝ። ነገሩ ተቀብሮ ነበር፤ ቆፍሬ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

አንድ ቅዳሜ ጨዋታ ነበረን። መልበሻ ክፍል ውስጥ እግሬን ዘርግቼ በቅባት ሳሽ ፈንታሁን አጠገቤ ታኬታውን ያስራል። ቀና ብሎ እግሬን አየና፣ "አንተ፣ እንዲህ ያለ ሸጋ እግር ይዘህ ምነው ሁልጊዜ ትታመማለህ?" አለኝ። ሳቅን። ሌሎቹም ሳቁ። እዚያ ክፍል ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ሰምቷል፣ ሁሉም ረስቶታል። እኔም ረስቼው ነበር።

ጨዋታው በተጀመረ በሃያኛው ደቂቃ ግድም ማንም አጠገቤ ሳይኖር ኳስ ይዤ ስዞር ጉልበቴ ከዳኝ። ያው መካነ ብርሃን የሰማሁት ድምፅ ነበር። በቃሬዛ አወጡኝ። የቡድኑ ወጌሻ አያ ደሴ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። በልጅነታቸው ከአባታቸው የተማሩ፣ ሐኪም ቤት ተመላልሰው ደግሞ የዘመኑንም የቀሰሙ ሰው ናቸው። ጉልበቴን በሁለት አውራ ጣታቸው እየተጫኑ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ይኼ የዛሬ አይደለም" አሉኝ። "ይኼ የቆየ ነው። መቼ ነው የወደቅኸው አንተ?"

"ዛሬ።"

"ለእኔ እንኳ ንገረኝ እንጂ።"

"ዛሬ ነው አልኩዎት፣ አያ ደሴ።"

ዓይናቸውን ገልጠው ትክ ብለው አዩኝ። ሰኞ ለአሰልጣኙ እጄ የነገረኝን እነግረዋለሁ ብለው እግሬን አሰሩ። ሰኞ ማለት ለእኔ ስንብት ነበር። የቆየ ጉዳት የደበቀ ይባረራል፤ አሰልጣኙ በአፉ ነግሮኛል። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከኳስ ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረም።

ቤት ሲያደርሱኝ እናቴ ደረቷን እየደቃች ተቀበለችኝ። አስተኛችኝና አጠገቤ ተቀመጠች።

"ማን መታህ ልጄ?"

"ማንም አልመታኝም።"

"ሰው ገፍትሮህ ነው?"

"ማንም አልነካኝም። ብቻዬን ነው የወደቅኩት።"

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እንግዲያው ማን አየህ?" አለችኝ።

እዚህ ላይ ቆማችሁ እዩኝ። ማንም አላየኝም ማለት እችል ነበር። መካነ ብርሃን ላይ ከአምስት ዓመት በፊት ወድቄ ነበር፣ ደብቄሽ ነው፣ ይቅር በይኝ ማለት እችል ነበር። እናቴ ትቆጣለች፣ ታለቅሳለች፣ በሁለተኛው ቀን ትታረቀኛለች። ይህ ሁሉ በአንድ ቅጽበት ታይቶኛል። ሰኞም ታየኝ። ከዚያ ይህን አልኩ፦

"ፈንታሁን፣ ሸጋ እግር አለህ ብሎኝ ነበር።"

እኔ ነኝ ያልኩት። እስቲ ተመልከቱ፣ ውሸት አለበት? አንዲት የሐሰት ቃል አለችበት? የለችም። ፈንታሁን በእርግጥም ብሎኛል። ለዓመታት ራሴን የደለልኩት በዚህ ነው። እኔ የተባልኩትን ነው የነገርኳት፣ ቡዳ አላልኩም፣ የተረጎመችው እሷ ናት እል ነበር። አያችሁት ተንኮሉን? የእናቴን ጆሮ አውቀው ነበር። ምን እንደምትሰማ፣ ለማን እንደምትናገር፣ በስንት ቀን ከተማውን እንደሚያዳርስ አውቅ ነበር። ስለት ሰው እጅ ላይ አስቀምጦ እኔ አልወጋሁም የሚል ሰው ምን ይባላል? እኔ እሱ ነኝ።

እናቴ ሌሊቱን ሳትተኛ አድራ ጠዋት ጸበል ይዛ መጣች። ሊጠይቁኝ ለመጡ ጎረቤቶች ነገረቻቸው። ከሰዓት በኋላ ለመጡት የቡድን ጓደኞቼም እያለቀሰች ነገረቻቸው። እነሱም አስታወሱ። "እውነት ነው እኮ፣ እኔም ሰምቻለሁ" አለ አንዱ። "አራት ዓመት ሙሉ እሱ አንድ ቀን ሳይታመም ይሄ ልጅ ሲሰባበር" አለ ሌላው። ዓይኔን ጨፍኜ የተኛሁ መሰልኩ። ሰኞ አያ ደሴ የቆየ ጉዳት ነው ሲሉ ቡድኑ ከእሳቸው የተሻለ ወሬ ነበረው። ሽማግሌው እጄ የነገረኝን ነው የምናገረው ቢሉም የሰማቸው የለም። አሰልጣኙ የተማረ ሰው ነው፤ አላመነም። ግን ሃያ ሰው ያመነውን ነገር ማን ይጋፋል? እኔ የተበላሁ ምስኪን ሆኜ ቡድኑ ውስጥ ቀረሁ።

በፈንታሁን ላይ የተሠራውን ልንገራችሁ። የሰደበው ሰው የለም። ስድብ ቢሆን ይመልስ ነበር። መልበሻ ክፍል ሲገባ ሁሉም ካልሲውን እስከ ጉልበቱ ይስባል። በእረፍት ሰዓት ሙዝ ሲታደል ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይበላሉ። እሱ የጠጣበትን የውሃ ዕቃ የሚነካ ጠፋ። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቡ ያለው ወንበር ባዶ ይሄዳል። ይህን ሁሉ የነገሩኝ ሊጠይቁኝ የሚመጡት ልጆች ናቸው፤ እየሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩላቸው።

በሁለተኛው ሳምንት ፈንታሁን ቤታችን መጣ። ብርቱካን በላስቲክ ይዞ ነበር። እናቴ ስታየው ከቤት ወጣች፤ ስትወጣ ሌማቱን በነጠላዋ ሸፍና ይዛው ወጣች። እሱም አይቷል። አልጋው ጠርዝ ላይ ሳይሆን እንደ እንግዳ በር አጠገብ ያለ ዱካ ላይ ተቀመጠ። ብዙ ደቂቃ ስለ ጨዋታ አወራን። ከዚያ፣ "አንተም ታምናለህ?" አለኝ።

የታሰረው ጉልበቴ ከጋቢ ውጭ ነበር። እጄን ዘርግቼ ጋቢውን ሳብኩና ጉልበቴን ሸፈንኩት።

እኔ ነኝ የሸፈንኩት። እናቴ አይደለችም፣ ቡድኑ አይደለም። እውነቱን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ፣ ዓይኑ እያየ፣ ከዓይኑ ጉልበቴን ሸፈንኩ። እሱ ወዲያው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ እንዳያስፈራኝ። "ገባኝ" አለ። ተነሣ። በሩ ላይ ሲደርስ፣ "ይማርህ" ብሎኝ ወጣ። ከዚያ በኋላ ልምምድ አልመጣም። በዚያው ወር መጨረሻ ከላይኛው ሊግ አንድ ቡድን እሱን ለማየት ሰው ልኮ ነበር። የሚታይ ፈንታሁን ሜዳ ላይ አልነበረም።

እኔስ? ተጫወትኩ። ከፈንታሁን በኋላ አራት የውድድር ዘመን ተጫወትኩ፤ ተጫወትኩ ከተባለ። በተጎዳሁ ቁጥር ሰው "እሱ ከሩቅም ይበላል" ይል ነበር። ይህን ስሰማ ምን እንደሚሰማኝ ታውቃላችሁ? እፎይታ። መጨረሻ ላይ ለቀዶ ጥገና ሌላ ከተማ ሄጄ ሐኪሙ የራጅ ፊልሙን ወደ መብራት አንሥቶ፣ ይህ በመጀመሪያ የተጎዳው ከብዙ ዓመት በፊት ነው፣ በወጉ ሳይድን ነው ስትሮጥበት የኖርከው አለኝ። ለእናቴ ደወልኩና ሐኪሙ ምክንያቱን ሊያገኘው አልቻለም አልኳት። አያችሁ? ማንም አልጠየቀኝም። በገዛ ፈቃዴ፣ ለሁለተኛ ጊዜ፣ ፈንታሁንን ቀበርኩት። ሐኪም እንኳ ያላወቀው ተብሎ ወሬው ከበፊቱ ይልቅ ጠነከረ።

ፈንታሁን ሚኒባስ ሹፌር ሆነ። ከፒያሳ አዘዞ ይሠራል። መኪናውን ከሩቅ ለይቼ አውቃለሁ፤ ሲመጣ ሱቅ ውስጥ እገባ ነበር።

እኔ ደግሞ ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ የሴት ልጆች ቡድን ረዳት አሰልጣኝ ነኝ። አምና መቅደስ የምትባል ልጅ መጣች። የመጀመሪያውን ቀን ኳስ ስትቀበል አየኋት። ያን አቀባበል አውቀዋለሁ። መዝገብ ላይ የአባቷን ስም አየሁ፤ ሳላየውም አውቄው ነበር። ዓመት ሙሉ አሠለጠንኳት። በጣም ጎበዝ ናት፤ ከአባቷም ሳትበልጥ አትቀርም። አንድ ቀን ሱሪዬን ሰብስቤ ጉልበቴን ሳሽ የቀዶ ጥገናውን ጠባሳ አይታ፣ "ኮች፣ አባቴም እንደ እርስዎ ጉልበቱን ተጎድቶ ነው ኳስ ያቆመው" አለችኝ። ልታጽናናኝ ነው። ፈንታሁን ተጎድቶ አያውቅም። ልጁን የሚነግራት ሌላ ነገር ቢያጣ የእኔን ጉልበት ወስዶ ለራሱ አደረገው። የዚያን ቀን ልምምዱን አልጨረስኩም። ግን አሁንም አልተናገርኩም። ይህንንም መዝግቡልኝ።

ባለፈው ወር አጥቂያችን ልምምድ ላይ ማንም ሳይነካት ወድቃ የትከሻዋ አጥንት ተሰበረ። በማግስቱ አምስት እናቶች ተሰብስበው መጡ። ያቺ ልጅ ከቡድኑ ትውጣልን አሉ። የማን ልጅ እንደሆነች እናውቃለን፤ የእኛን ልጅ ከመውደቋ በፊት ጎሽ፣ ሸጋ ጎል አገባሽ ብላታለች፤ ካልወጣች ልጆቻችንን እንወስዳለን አሉ። ዋና አሰልጣኟ ወጣት ናት፤ ደነገጠች። ይህ ወሬ ነው፣ ማስረጃ የለውም አለቻቸው። አንደኛዋ ወደ እኔ ዞረች።

"ምነው ማስረጃ የለውም? ይኼው ቆሞ! ጋሽ አንዷለም፣ የአንተን ጉልበት የበላው አባቷ አይደለም? አንተ ራስህ ምስክር አይደለህም?"

ጉልበቴ ምስክር ሆኖ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት በዚህች ከተማ ውስጥ ጉልበቴ በሐሰት ሲመሰክር ኖሯል። አሰልጣኟ ለእሑድ ስብሰባ ቀጠረች። እኔ ያን ዕለት ወሰንኩ። መወሰን ከባድ ነው የሚሉት ውሸት ነው፤ ከባዱ ሳይወስኑ መኖር ነበር።

በመጀመሪያ ወደ አዘዞ ሄድኩ። ፈንታሁን ቤቱ በር ላይ ሚኒባሱን ያጥባል። ጠጉሩ ሸብቷል። ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት፦ መካነ ብርሃንን፣ አያ ደሴን፣ እናቴን፣ ፊልሙን። ጨርቁን ባልዲው ውስጥ እየነከረ እየጨመቀ አዳመጠኝ።

"ለእኔ ምን ትነግረኛለህ?" አለኝ። "እኔ አውቀዋለሁ። አያ ደሴ ያኔውኑ ነግረውኛል፣ ነፍሳቸውን ይማርና። ዓይኔ ጉልበትህን እንዳልበላው ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ለማያውቁት ንገር።"

"እነግራለሁ።"

"መቅደስን ከነኩብኝ ግን..." አለና ተወው። ወደ መኪናው ተመለሰ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እናቶቹ፣ አባቶቹና ልጆቹ በሜዳው ግቢ በተሰበሰቡበት ተነሥቼ ተናገርኩ። ምንም አልሸሸግኩም። ፊልሙን አሳየኋቸው። ከዚያ አንዲት እናት አጠገቧ ላለችው፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ፣ "ይኼን እኮ የበላው እሱ ነው የሚያናግረው። አልለቀቀውም" አለች። ብዙዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። የተበላ ሰው ራሱን አያውቅም፣ የበላው ያዘዘውን ይለፈልፋል ይላሉ። እውነቱን ስናገር እብድ ሆንኩ። ስዋሽ ግን ማንም አልተጠራጠረኝም። ሌላዋ ረጋ ብላ፣ "እኛ ይህን ከአንተ አልሰማነውም። ከእናትህ ነው የሰማነው። እሳቸው ሐሰት አይናገሩም። ይምጡና ይንገሩን" አለች። ለሚቀጥለው እሑድ ተቀጠረ።

እናቴን ያኔም አልነገርኳትም ነበር። ዕድሜዋ ሰባውን አልፏል። ከቆረበች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ያን ዕለት ቤት ገብቼ እግሯ ሥር ተቀመጥኩና ነገርኳት። አላለቀሰችም። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆየች።

"ይኼን በአፌ ይዤ ነው የቆረብኩት?" አለችኝ።

እግሯን ልይዝ እጄን ዘረጋሁ፤ ሰበሰበችው።

"ኃጢአቴን አንድ በአንድ ተናግሬ፣ ቀኖናዬን ፈጽሜ፣ በዚህ አፌ ሥጋ ወደሙን የተቀበልኩት የሰው ልጅ ቡዳ ነው ብዬ አገር ለአገር ባወራሁበት አፍ ነው?"

"ጥፋቱ የእኔ ነው እማዬ። አንቺ አላወቅሽም።"

"አንተማ አፍህን ጠበቅህ" አለችኝ። "ቃሉን እኔን አስባልኸኝ።"

ከዚያ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ሐሙስ ብቻዋን ወደ ነፍስ አባቷ ሄደች፤ ምን እንዳሏት አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ቅዳሴ ላይ ለቁርባን አትቀርብም፤ ከኋላ ቆማ ትመለሳለች። እሑድ ጠዋት ለስብሰባው ስትለብስ አትሂጂ ብዬ ለመንኳት። የእኔን ዕዳ አንቺ አትሸከሚ፣ እኔ ደግሜ እናገራለሁ፣ እስኪያምኑኝ በየሳምንቱ እናገራለሁ አልኳት። ነጠላዋን አደግድጋ ቀድማኝ ወጣች።

ወንበር ቢሰጧት አልተቀመጠችም። እነዚያ እናቶች በማኅበር አብረዋት የሚጠጡ፣ በበዓል ጉልበቷን የሚስሙ ናቸው። አንድ በአንድ አየቻቸው።

"ያን ልጅ ቡዳ ያልኩት እኔ ነኝ። ሐሰት ነው። ልጄ ዋሸኝ፤ እኔ ሳላጣራ አወራሁ። ቤቴ ገብቶ በእጄ የበላ ልጅ ነበር፤ የአንዷለምን ቦርሳ ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ በዓይኔ አየው ነበር፤ እያወቅኩት ነው ያወራሁበት። ከእንግዲህ ይኼን ነገር በእሱም ሆነ በልጁ ላይ የምታነሣ ካለች እኔን ትጣላኝ።"

ይህን ብላ ወጣች። እሷን እሱ ነው የሚያናግራት የሚል ሰው አልተገኘም። ሁለት እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ሄዱ። ሌሎቹ ቀሩ። መቅደስም ቀረች። ትናንት ልምምድ ላይ ነበረች፤ በሚመጣው ሳምንት ጨዋታ ትሰለፋለች።

ነገር አማረ ብላችሁ እንዳታስቡ። መቅደስ ሁለቱንም እሑድ ከኋላ ተቀምጣ ሰምታለች። አባቷ አሥራ አምስት ዓመት የደበቀላትን ነገር ከእኔ አፍ ሰማችው። አሁን ኮች ብላ አትጠራኝም። የማዝዛትን ልምምድ ትሠራለች፣ ኳሱን ታቀብለኛለች፣ ፊቴን አታይም። ልጅ ስለሆነች ይረሳታል የሚሉኝ አሉ። እኔ እንዲረሳት አልፈልግም።

ጋሽ አንዷለም ወጣት ነበርክ፣ እንጀራህን ፈርተህ ነው ይሉኛል ደግሞ። አዎ፣ ፈርቼ ነበር። እሱስ እንጀራ አልነበረውም? ይህን ምክንያት ከማንም አልቀበልም፤ ከራሴም ቢሆን። አሁን በየደረስኩበት እናገራለሁ። ሻይ ቤት፣ ሜዳ፣ ለቅሶ ቤት፣ ጉልበትህን ምን ሆነህ ነው ያለኝን ሁሉ አስቀምጬ እነግረዋለሁ። የሚሰለቸው ይሰልቸው። የማያምነውን እንደገና እነግረዋለሁ።

ፈንታሁንን ይቅርታ ጠየቅኸው ወይ ትሉኝ ይሆናል። በሁለተኛው እሑድ እናቴ ስትናገር ሚኒባሱን ከግቢው ውጭ አቁሞ መሪው ላይ ተደግፎ ነበር። በመስኮቱ ሁሉንም ሰምቷል። ልጁ ስትወጣ በሩን ከፈተላትና ሄዱ። እኔም ወጥቼ አጠገቡ ቆሜ ነበር፤ አፌ ላይ መጥቶልኝ ነበር፤ ዋጥኩት። ይቅር በለኝ ካልኩት መልስ መስጠት ሊኖርበት ነው። እሺ ቢለኝ ለእኔ ብሎ ነው፤ እንቢ ቢለኝ ክፉ የሚባለው እሱ ነው። አንዴ በእኔ ምክንያት ስሙ ጠፍቷል። ሁለተኛ በእኔ ምክንያት ምንም እንዲሆን አልጠይቀውም።